ራግናሮክ፣ ሙ ወይስ ዋው? በፕራይቬት ሰርቨር ለሚጀምር ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለና «ወንድም ጋሼ ላፕቶፕ ገዛሁ እኮ፣ ኦንላይን ጌም ልጀምር ነው፣ ሰርቨሩ ግን በዛብኝ፣ የቱን ላውርድ?» አለኝ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፣ 4 ጊጋ ራም፣ ባትሪው ግፋ ቢል ሀያ ደቂቃ፣ ኢንተርኔቱ የስልኩ ሆትስፖት። እኔ ፍኖተ ሰላም ነኝ፣ የኔም ከሱ ብዙ አይሻልም፣ ግን ሶስቱንም ጌም በየተራ ተጫውቼ አይቻለሁ፣ አንዱ ላይ እስካሁን አለሁ። ለሱ የፃፍኩትን ነው እዚህ የማስቀምጠው። ሶስቱ ራግናሮክ ኦንላይን፣ ሙ ኦንላይን እና ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ ማለትም ዋው ናቸው። ሊኔጅ 2 ምናምንም አለ፣ እሱን የሚያውቅ ሰው ይፃፍበት።

ለማያውቅ ባጭሩ፣ ጌሙን የሰራው ድርጅት የራሱ ሰርቨር፣ ማለትም ሁላችንም በኢንተርኔት ገብተን የምንገናኝበት ኮምፒውተር አለው፣ ፕራይቬት የሚባለው ደግሞ ሌሎች ሰዎች ያንን ሰርቨር የሚያስመስል ሶፍትዌር ፅፈው ኑ በነፃ ግቡ የሚሉት ነው። የድርጅቱ ፈቃድ የለበትም፣ ይሄን ሳንሸፋፍን እንናገር። በፈለገ ቀን ጠበቃ ልኮ ያዘጋዋል። ኖስታልሪየስ የሚባለው የዋው ሰርቨር በፈረንጆቹ 2016 እንደዛ ነው የሆነው፣ 150 ሺ አክቲቭ ተጫዋች አለን ሲሉ ነበር፣ ዋውን ከሰራው ድርጅት ከብሊዛርድ ደብዳቤ መጣ፣ ተዘጋ። በ2019 ብሊዛርድ ራሱ ያንኑ የድሮውን ጌም ክላሲክ ብሎ አወጣው፣ ወይ ጉድ። እና ለምን ኦሪጅናሉን አትጫወትም ካላችሁኝ የዋው የወር ክፍያ 14.99 ዶላር ነው፣ ዶላር ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ ከ1500 ብር በላይ ማለት ነው፣ ብሩ ቢገኝ እንኳ የውጭ ክፍያ የሚቀበሉት ካርድ ያለን ስንቶቻችን ነን። እስከ ሌቭል 20 በነፃ ያስጫውታሉ፣ ግን አዲሱን ጌም ያ ላፕቶፕ አይችለውም።

እሺ ወደ ዳውንሎዱ። ሙ ቀላል ነው፣ ብዙ ሰርቨር ላይ ያለው ሲዝን 6 የሚባለው ቨርዥን ወደ 1 ጊጋ ገደማ ነው፣ አንድ ሌሊት አይፈጅም። ራግናሮክ ከ2 እስከ 4 ጊጋ ይሄዳል። ዋው 3.3.5 የሚባለው ቨርዥን ግን ወደ 17 ጊጋ ነው፣ ይሄን በሆትስፖት አወርዳለሁ የሚል ሰው አንድ ኩንታል ጤፍ በሻይ ማንኪያ ሲሰፍር ይዋል። ግን ዋው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ፎልደሩን ካለው ሰው ገልብጣችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ዳታ የሚለው ፎልደር ውስጥ ገባ ስትሉ ሪልምሊስት የምትባል ፋይል አለች፣ በኖትፓድ ክፈቷት፣ ውስጧ set realmlist ከሚለው ቀጥሎ የሰርቨሩ አድራሻ አለ፣ አድራሻውን ብቻ አጥፍታችሁ የሌላ ሰርቨር አድራሻ ፅፋችሁ ሴቭ ስታደርጉ ያው ጌም ሌላ ሰርቨር ላይ ይገባል። አንዱ ቢዘጋ 17 ጊጋው ውሀ አይበላውም። ራግናሮክና ሙ እንደዚህ አይደሉም፣ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ክላይንት፣ ማለትም ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚጫነውን ጌም ነው የሚሰጠው፣ ሰርቨር ቀየራችሁ ማለት እንደገና አወረዳችሁ ማለት ነው።

ስትገለብጡ ግን የኔን እንዳትደግሙ። ባህር ዳር የሚማር ጓደኛዬ ዋውን በ32 ጊጋ ፍላሽ ሊልክልኝ ሙሉውን ዚፕ አድርጎ አንድ ፋይል አደረገው፣ ፍላሹ ፋት 32 ስለነበረ ከ4 ጊጋ የበለጠ ፋይል አልቀበልም አለው፣ እሱ ደግሞ መጨረሻውን ሳያይ ነቅሎ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠው። መናኸሪያ ሄጄ ተቀብዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፣ ከፈትኩት፣ ሶስት የሰርግ ፎቶና የሆነ ሰው አሳይመንት። ወይ ፍላሹን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት ወይ ፎልደሩን ዚፕ ሳታደርጉ እንዳለ ገልብጡት።

አሁን ዋናው ነገር መብራት ነው። እኔ ጌም የምመዝነው መብራት ሲሄድ ምን ያሳጣኛል ብዬ ነው፣ ግራፊክሱ ቢያምር ባያምር ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ዋው ላይ ድንገት ስትቆረጡ ካራክተራችሁ፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ የምታንቀሳቅሱት ሰው፣ ትንሽ ሰከንድ ቆሞ ይጠፋል፣ በዛች መሀል ቢገደል እንኳ ሌቭላችሁ ላይ ምንም አይቀነስም፣ የለበሳችሁት እቃ 10 ፐርሰንት ይጎዳል፣ በመንፈስ ሮጣችሁ ሬሳችሁ ጋ ሄዳችሁ መነሳት ብቻ ነው። ችግሩ ይሉኝታው ነው። አምስት ሰው ሆናችሁ ዋሻ ትገባላችሁ፣ እኔ ሂለር ነኝ፣ ማለትም ሌሎቹን በህይወት የማቆየው እኔ ነኝ፣ ልክ ትልቁን አውሬ ሲጀምሩት ድርግም። አራቱ የማያውቁኝ ሰዎች እዛ ምን እንደሆኑ አስቡት። ከሁለት ሰአት በኋላ ስገባ ከግሩፑ ተባርሬያለሁ፣ አንዱ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሰደበኝ ስድብ ቻቱ ላይ ይጠብቀኛል፣ መብራት ጠፍቶ ነው ብዬ ብፅፍለት ማን ያምናል።

ራግናሮክ ላይ ስትሞቱ ከሌቭሉ 1 ፐርሰንት ልምድ ይቀነሳል፣ ጀማሪ ኖቪስ ሳላችሁ አይነካችሁም፣ ሌቭል 90 ምናምን ላይ ግን ያቺ 1 ፐርሰንት የአንድ ምሽት ልፋት ትሆናለች። ግን መርቻንት የሚባል ስራ አለው፣ ነጋዴ ማለት ነው፣ ፕሮንቴራ የሚባለው ከተማ መሀል ሱቅ ትከፍታላችሁ፣ ዋጋ ትለጥፋላችሁ፣ ከዛ ሰርቨሩ ከፈቀደ አውቶትሬድ የሚል ትእዛዝ ትፅፉና ኮምፒውተሩን ትዘጋላችሁ፣ ካራክተሩ እዛው ቁጭ ብሎ ሲሸጥ ያድራል። መብራት ኖረ አልኖረ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ስመለስ እቃው ሁሉ ተሽጦ ዜኒው፣ የጌሙ ብር፣ ተቆልሎ ጠበቀኝ፣ የማርቆስ ገበያ እንደዚህ ቢሆን ማን ይሰራ ነበር።

ሙ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ብዙ ሰርቨር ላይ ኦፍላይን አታክ የሚባል አለ፣ ትእዛዙን ፅፋችሁ ስትወጡ ካራክተሩ ቆሞ ሲገድል ሲገድል ሌቭል ሲጨምር ያድራል። የአክስቴ ልጅ ባትሪ ሀያ ደቂቃ መያዙ እዚህ ጋ ይጠቅመዋል፣ መብራት ሲሄድ ትእዛዙን ለመፃፍ ጊዜ አለው፣ የኔትወርክ ታወሩ አብሮ ካልጠፋ በቀር። በኔ አይን ግን እኔ ተኝቼ የሚጫወት ጌም ጨዋታ ሳይሆን እርባታ ነው፣ ዶሮ እንደማርባት ነው። የሚወደው ሰው ብዙ ነው፣ አልጣላም።

ሬት የሚባለውን ሳታዩ እንዳትመዘገቡ። 1 ኤክስ ማለት ድርጅቱ ራሱ ያወጣው የማደጊያ ፍጥነት ነው፣ 10 ኤክስ ማለት ከዛ አስር እጥፍ። ራግናሮክ ላይ ሶስት ቁጥር ታያላችሁ፣ 5/5/3 ብሎ ለምሳሌ፣ የመጀመሪያው የሌቭል፣ ሁለተኛው የስራ ሌቭል፣ ሶስተኛው አውሬው የሚጥለው እቃ ነው። በድሮው ራግናሮክ፣ ፕሪ ሪኒዋል በሚሉት፣ ሌቭል በ99 ያልቃል፣ ማክስ 255 ካያችሁ ግን በአንድ ከሰአት የሚጨረስ ሰርቨር ነው፣ ከዛ በኋላ ከተማ መሀል ቆሞ መደባደብ ብቻ። ለጀማሪ ከ5 እስከ 20 መሀል ያለው ጥሩ ነው፣ 1 ኤክስ ስራ ለሌለው ሰው ነው። ዋው ላይ ከ1 እስከ 7 ኤክስ ብዙ አለ፣ 3.3.5 ላይ መጨረሻው ሌቭል 80 ነው፣ እኔ በ1 ኤክስ ሁለት ወር ምናምን ፈጀብኝ፣ አልቆጨኝም፣ መንገዱ ነው የሚያምረው። ደግሞ 3.3 ላይ የገባ ደንጀን ፋይንደር የሚባል ነገር አለ፣ አንድ በተን ተጭናችሁ ስትጠብቁ ራሱ አራት ሰው ፈልጎ ያገናኛችኋል፣ ሰው ለማያውቅ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። የድሮው፣ ሌቭል 60 የሚያበቃው ላይ ግን ቻት ላይ እየጮሃችሁ ሰው ለምናችሁ በእግር ሄዳችሁ ነው የምትገቡት።

ሙ ላይ 100፣ 1000፣ 5000 ኤክስ ስታዩ አትደንግጡ፣ እዛ ሪሴት ነው ጨዋታው። ሌቭል 400 ስትደርሱ ወደ 1 ትመለሳላችሁ፣ ያገኛችሁት ጉልበት ግን አብሯችሁ ይቀራል፣ ከዛ እንደገና፣ እንደገና። ከስድስት ወር በፊት የተከፈተ ሰርቨር ላይ ዛሬ ብትገቡ መቶ ሪሴት ያለው ሰውዬ ሎሬንሲያ የሚባለው ከተማ በር ላይ በአንድ ምት ይጥላችኋል፣ ስለዚህ ሙ ከሆነ አዲስ የሚከፈት ሰርቨር ጠብቁ። ቁማሩንም እወቁት። ጎራዴያችሁን እስከ +6 ብለስ በሚባል ድንጋይ ታሳድጋላችሁ፣ እሱ አይከሽፍም፣ ከዛ እስከ +9 ሶል በሚባለው ነው፣ ሶል ግማሽ በግማሽ ነው፣ እቃው ላክ የሚል ፅሁፍ (እድል ማለት ነው) ካለው 25 ፐርሰንት ይጨመርለታል። +7 የደረሰውን ስትሞክሩ ከከሸፈ ወደ ዜሮ ይወርዳል። እኔ +8 ጎራዴ ይዤ ሁለቴ ሶሏን ከእቃው ላይ አንስቼ ሁለቴ መለስኳት፣ ከዛ ጣልኳት፣ ዜሮ። ያን ማታ እራት አልበላሁም፣ እናቴ አሞሃል ወይ አለችኝ፣ ምን ብዬ ላስረዳት።

ስለ ሰው ብዛት ደግሞ ሰርቨሩ የሚለጥፈውን ቁጥር አትመኑ። ራግናሮክ ላይ 2000 ኦንላይን ሲል በአውቶትሬድ ሱቅ ከፍተው የተኙት ሁሉ አብረው ይቆጠራሉ፣ ሙ ላይም ኦፍላይን አታክ ያደረገው እንደዛው። ገብታችሁ ቻት ላይ ሰላም በሉ፣ ስንት ሰው መለሰ? ቁጥሩ ያ ነው። ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ከዚህ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ ለኔ ከ160 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ነው፣ ዋው ላይ አብዛኛው ምት በ1.5 ሰከንድ ልዩነት ስለሆነ አይሰማችሁም፣ ራግናሮክ ላይ ትንሽ ይሰማል፣ ጦርነት ካልገባችሁ ችግር የለውም። አውሮፓ የሚደምቀው በኛ ከምሽቱ 3 ሰአት በኋላ ነው።

ብር አትክፈሉ። ሰርቨሩ ነፃ ነው ይላል፣ ከዛ ዶኔት የሚል በተን አለ፣ ክንፍ፣ ጎራዴ፣ ቪአይፒ። ሙ ላይ ይሄ ነገር በጣም ይብሳል። እኔ ዱባይ ያለ ዘመዳችንን ለምኜ 25 ዶላር አስከፍዬ ክንፍ ገዛሁ፣ በስድስተኛው ሳምንት አዲስ ሲዝን ጀምረናል አሉና ሁሉንም ከዜሮ አስጀመሩት፣ ክንፌም ሌላውም የለም፣ ለማን አቤት ይባላል። ዘመዳችን እስካሁን በዓል በመጣ ቁጥር ደውሎ «ክንፍህ እንዴት ነው፣ በረርክ?» ይለኛል። የመጀመሪያውን ክንፍ እኮ ኖሪያ የሚባለው ከተማ ሄዶ በካኦስ ማሽን ራስን ችሎ መስራት ይቻላል።

ፓስዎርድም አስቡበት፣ የኢሜላችሁን ወይ የቴሌግራማችሁን ፓስዎርድ እዚህ እንዳትጠቀሙ። ራግናሮክ ሰርቨር የሚከፈትበት ራቴና የሚባለው ሶፍትዌር ባለቤቱ ሴቲንጉን ካልቀየረው ፓስዎርዱን እንደተፃፈ ነው ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጠው፣ ባለቤቱ ከፍቶ ያነበዋል ማለት ነው። የዋዎቹ በዚህ ይሻላሉ፣ ፓስዎርዱን ራሱን አያስቀምጡም።

አንድ አራተኛ መንገድም አለ፣ የራስን ሰርቨር መክፈት። እዚህ ከተማ ጌም ቤት ካለው ጓደኛዬ ጋር አዜሮትኮር የሚባለውን በነፃ የሚገኝ የዋው ሰርቨር ሶፍትዌር አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነን ሌሎቹን ሶስቱን በኬብል አገናኝተን ያለ ኢንተርኔት ተጫውተናል። ፕሌየርቦት የሚባል ተጨማሪም አለው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሳቸው ሰዎች አብረዋችሁ ዋሻ ይገባሉ፣ መብራት ጠፋ ብለው አይሰድቧችሁም። ቀላል ግን አይደለም፣ ካርታውን ከጌሙ ውስጥ አውጥቶ ማዘጋጀቱ ብቻ ሰአታት ይፈጃል፣ የኛ ሌሊቱን እየሰራ 11 ሰአት ሊነጋ ሲል መብራት ሄደ፣ ከአንድ እንደገና። ኮምፒውተር ነገር የሚነካካ ጓደኛ ካላችሁ ሞክሩት፣ ከሌለ እርሱት።

ለአክስቴ ልጅ ያልኩት እንግዲህ ይሄ ነው፣ ራግናሮክ፣ ፕሪ ሪኒዋል፣ ከ5 እስከ 20 ኤክስ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየ ሰርቨር። ኖቪስ ሆኖ የስራ ሌቭል 10 ሲደርስ መርቻንት ይሁን፣ መብራቱ ሲሄድ ሱቁ ይሰራለታል። ባህር ዳር የሚሄድ ሰው ካገኘ ደግሞ ዋውን ያስመጣ፣ ከራግናሮክ የበለጠ እሱን ነው የምወደው፣ አሁንም ያለሁት እዛ ነው። ሙን ተወው አልኩት፣ ስራ የሚበዛበት በሳምንት አንዴ ብቻ የሚከፍት ሰው ከሆነ እንጂ ላንተ አይሆንም አልኩት፣ ሁሉንም በቴሌግራም ፃፍኩለት፣ እሺ አለኝ።

ሰኞ ማታ ደወለ። «ወንድም ጋሼ ሙን አወረድኩት፣ 1 ጊጋ ስለሆነ።» ትናንት ደግሞ የዱባዩን ዘመድ ስልክ ላክልኝ አለኝ።