ሬን ላይ የተማርኩት የብሬቶንኛ የማታ ኮርስ፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

አማቴ የሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ የብሪታኒ ሰው ናቸው፤ ቫን ከተማ አጠገብ ካለ ገጠር። 86 ዓመታቸው ነው። ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአካባቢው ቋንቋ፣ በብሬቶንኛ ሲጫወቱ እሰማለሁ፤ ከልጆቻቸው ጋር ግን ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አጠገቤ የማይገባኝ ወሬ ሲወራ አያስችለኝም፤ ሬን ከተማ ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ የሚሰጥ ኮርስ አገኘሁና ተመዘገብኩ።

አስተማሪዋን እወዳታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመሩት፣ በብሬቶንኛ የሚያስተምሩት የዲዋን ትምህርት ቤቶች ልጅ ናት። የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት በ2021 እንዲህ ያለው ትምህርት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ማለቱ ከተነሳ የዕለቱ ትምህርት አበቃ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ከአፏ አልወጣችም። "ግላስ" የሰማዩም የሣሩም ቀለም መሆኑን በመስኮት እየጠቆመች ነው ያስረዳችን።

መጽሐፉ ነው ያቃጠለኝ። አባት "ታድ" ነው፤ አባቴ "ማ ዛድ"፣ አባትህ "ዳ ዳድ"። እኛ ቃሉን ከጭራው እንቀጥላለን፣ እነሱ ግንባሩን ይለውጡታል። "ዛድ"ን መዝገበ ቃላት ላይ ስፈልግ ያመሸሁ እኔ ነኝ፤ ለካ "ታድ" ሥር ነው ያለው። መጽሐፉ ይህን ምዕራፍ 7 ላይ ሠንጠረዥ ደርድሮ ያልፈዋል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያው "ብሬቶንኛ" አለ እንጂ የየት አካባቢውን አላለም። እሑድ አማቴ ቤት ድመታቸውን እያሳየሁ በኩራት "ካዝ" አልኩ። ዝም ብለው አዩኝና "ካህ" አሉ። የቫን ብሬቶንኛ ለካ ከሌላው ይለያል፤ ጽሕፈቱ ሁለቱንም እንዲያስተናግድ ዜድንና ኤችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይህን ከመመዝገቤ በፊት የነገረኝ የለም።

የዚያን ቀን አማቴ ስለ "ላሟ" አወሩን። በእሳቸው ትምህርት ቤት ብሬቶንኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል እንጨት ነው። የሚገላገለው ሌላ ተናጋሪ ይዞ ሲያጋልጥ ነው፤ ማታ አንገቱ ላይ ያደረችበት ይቀጣል። ባለቤቴ 50 ዓመቷ ነው፣ ይህን ሰምታ አታውቅም። ሳህን እያጠበች ነበር፤ ቧንቧውን ዘጋችው።

ገጠር ያሉ ዘመዶቹን ለማናገር የሚፈልግ ሰው ከመክፈሉ በፊት የየትኛውን አካባቢ እንደሚያስተምሩ ይጠይቅ። እኔ ለሚቀጥለው ዓመትም ከፍያለሁ። እሑድ እሑድ መጽሐፉን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ብሬቶንኛ ማንበብ ማንም አላስተማራቸውማ። እሳቸው ያርሙኛል፣ እኔ ገጹ ዳር ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ምዕራፍ 4 ደርሰናል።