አባዬን ሲኒማ ላሳዩልን ደራስያን

ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይህን ሳልጽፍ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የከተማችን ደራስያን ሲኒማ ቤት ውስጥ የድሮ ፊልም አሳይተው ነበር። ያመለጣችሁ አመለጣችሁ። ሁለተኛ ካዘጋጁ ግን በእግዜር፣ እንዳትቀሩ!

አባዬ ዓይኑ ከደከመ ቆየ። ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ የሰው ፊት አይለይም። ጨዋታ ግን ነፍሱ ነው። ሬዲዮ ላይ ትረካ ሲጀምር ቤት ውስጥ ማንኪያ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው።

ከዚህ በፊት አንድ ቦታ ፊልም ወስጄው ነበር። ስሙን አልጠራም። በስምንት ሰዓት የተባለው በአስር ሰዓት ጀመረ። የድምፅ ማጉያው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ይሁን፣ ይህስ ይለመዳል። በር ላይ የቆመው ልጅ ግን የአባዬን ዱላ ተቀበለና «እኚህ ደግሞ ምን ሊያዩ ነው?» ብሎ ሳቀ። አባዬ የሰማ አልመሰለኝም ነበር። ስንወጣ ዱላው የለም። ብንጠይቅ ማን ይመልስልን! ትከሻዬን ተደግፎ ቤት ገባና «ሁለተኛ ሲኒማ እንዳትለኝ» አለኝ። ሰምቶ ኖሯል።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት የወሰድኩት በልመና ነው። ፊልሙ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው ስለው ዝም አለ። ስለ ጭሰኛና ስለ ባለመሬት ነው ስለው ጋቢውን አነሳ። አባዬ የብቸና ሰው ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ያመፀ ጊዜ ጎረምሳ ነበር። መንግሥት በአውሮፕላን የደበደባቸውን ነገር አንዴ ከጀመረ አያባራም።

በር ላይ ዱላውን የነካበት የለም። «አባባ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» ብለው ዳር ላይ ምቹ ቦታ ሰጡን። አንዱ ደራሲ አጠር አድርጎ አስተዋወቀ፦ ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፣ አሜሪካ ሲኒማ ሲማር ቆይቶ ዘውዱ በወደቀበት ሰሞን አገሩ መጥቶ ቀረጸው፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳየው። ስለ ካሜራው ብዙ አወራ፤ እሱ አልገባኝም።

ፊልሙ ሲጀመር ጭንቀት ያዘኝ። ወሬ አያበዛም፤ ዝም ብሎ ያሳያል። አባዬ ምን ሊሰማ ነው? ያኔ ከደራስያኑ አንዷ መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ማንም አልላካትም። ጆሮው ስር ሆና የምታየውን ትነግረው ጀመር።

«ሰውዬው በሬ ጠምዶ ያርሳል፣ አባባ። እንጨቱን በአንድ እጁ ይዞ...»

«እርፍ ነው፣ ልጄ።»

«እርፉን ይዞ። በሌላው ጅራፍ።»

«በሬዎቹ መልካቸው ምንድን ነው?»

«ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። አንደኛው ግን ነጣም ጠቆርም ያለ ይመስላል።»

አባዬ ትንሽ አሰበና «ዳልቻ ነው» አለ። እሷም ከዚያ ወዲያ ዳልቻው መጣ፣ ዳልቻው ዞረ እያለች ቀጠለች። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጮህ መንገር አላስፈለጋትም። «ይሄን አውቀዋለሁ» አላት።

ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ልጅቷ ከዚያ ቦታ አልተነሳችም። እግሯ ሲደነዝዝ ብቻ ትቀያይራለች።

መሀል ላይ መብራት ሄደ። የለመደብን ነውና ሰው ሊነሳ ሲል፣ ጎጃም አይደል፣ አንዱ ቅኔ ጀመረ። ሌላው ተቀበለው። ማሽኑን እንዴት እንዳስነሱት አላውቅም፣ ብቻ ካቆመበት ቀጠለ። እጃቸው ይባረክ!

መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ሄዳችሁ እዩት። አባዬ ግን እዚያ ሲደርስ ዱላውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ፤ ልጅቷም ዞር ብላ ዱላውን አየችውና ሳቋ መጣ።

ስንወጣ የትኬት ዋጋ ልክፈል ብል «የአባባን አንቀበልም፤ እኛ ተምረናል» አሉኝ። እርፍ፣ ሞፈር፣ ድግር የሚለውን ሁሉ ልጅቷ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች።

እናንተ ደራስያን፣ ስማችሁን ያልጻፍኩት ሳልጠይቃችሁ ደግ አይሆንም ብዬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ! ሽማግሌ ያላችሁ ሽማግሌያችሁን፣ ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አታፍሩም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ መጣ። አባዬ ስኒውን እንደያዘ «ትናንት ሲኒማ አይቼ መጣሁ» ብሎ ጀመረላቸው። ከዳልቻው በሬ ነው የጀመረው።