ለቤት ውስጥ ግድግዳ፦ ርካሽ ፕላስቲክ፣ ጥሩ ፕላስቲክ ወይስ ዘይት ቀለም?

ቤት ሊያስቀባ የተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሊትሩ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው «ካሬው በስንት ይወጣል?» መሆን ነበረበት። እንደ እኔ ከሆነ ለግድግዳ የሚሻለው ጥሩ ፕላስቲክ ቀለም (በውሃ የሚቀጥነው) ነው። ዘይት ቀለም ለበርና ለብረት ይቆይ፤ ርካሹ ፕላስቲክ ደግሞ እጅ ለማይነካው ጣሪያ ካልሆነ አይገዛ።

ሒሳቡ ይኸው። 4 በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው 39.2 ካሬ ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 35.5 ገደማ። ጥሩ ፕላስቲክ በለሰለሰ ግድግዳ ላይ በሊትር 10 ካሬ ያህል ይሄዳል፣ ሁለት እጅም (ሁለት ዙር ቅብ) ይበቃዋል፤ ስለዚህ 7.1 ሊትር። ርካሹ በሊትር 7 ካሬ ቢሄድና ሦስት እጅ ቢፈልግ 15 ሊትር ያልፋል። ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ ያወጣችሁት ይበልጣል፤ የሦስተኛው እጅ የቀቢ ክፍያ ገና አልተቆጠረም።

ምክንያቱ ባልዲው ውስጥ ነው። ግድግዳ የሚሸፍነው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ውድ ስለሆነ ርካሹ ላይ ይቀነስና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበዛል፤ ማያያዣውም ያንሳል። ደርቆ በጥቁር ጨርቅ ሲታሽ ዱቄት ይለቃል፤ እርጥብ ጨርቅ ካገኘውማ ግድግዳው ላይ ምልክቱ ይቀራል። ባልዲ አንስቶ «ይከብዳል፣ ጥሩ ነው» ማለት አያዋጣም፤ ድንጋይም ይከብዳል።

በታወቀ ስም ባልዲ ሌላ ቀለም ሞልቶ የሚሸጥም አለ። የክዳኑ ጠርዝ ላይ ተፈልቅቆ የተመለሰበት ምልክት ወይም የተፋቀ የምርት ቁጥር ካያችሁ ተዉት። ከፍቶ ማየት ከተፈቀደ ጋዜጣ ላይ ሁለት እጅ ቀቡ፤ ደርቆም ፊደሉ ጎልቶ የሚነበብ ከሆነ ግድግዳውንም አይሸፍንም።

ዘይት ቀለም ይታጠባል፣ ያንጸባርቃል፤ የስቱኮውን (ከቀለም በፊት የሚለቀለቀውን ማለስለሻ) ጉድለት ሁሉ ግን ያወጣዋል። ገና ባልደረቀ የሲሚንቶ ልስን ላይ ከተቀባ ሲሚንቶው ውስጥ ያለው አልካሊ ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠውና ይለሰልሳል፣ ይላጣል፤ ቢያንስ አራት ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። ነጩ ደግሞ ብርሃን በማያገኘው ቦታ፣ ለምሳሌ ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ብጫ ይሆናል። በኋላ ወደ ፕላስቲክ እመለሳለሁ ካላችሁም አንጸባራቂው በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ አዲሱ አይይዝም። የድሮው ቀለም ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ በአልኮል የራሰ ጥጥ እሹበት፤ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ ዘይት ንቅንቅ አይልም።

ቅልቅሉ ላይ ነው ጥሩውም ቀለም የሚበላሸው። በጠርሙስ የሚሸጠውን ማቅለሚያ ቀጥታ ባልዲው ውስጥ አታፍስሱ፤ ያልሟሟችው ጓል ሮለሩ ሥር ትፈነዳና ግድግዳው ላይ ደማቅ ሰንበር ትተዋለች። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ነጭ ውስጥ በደንብ በጥብጡት፣ በቀጭን ጨርቅ አጥልሉት፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ወደ ባልዲው ጨምሩ። ሁልጊዜ ደማቁ ወደ ነጩ ነው የሚገባው፤ ተገላቢጦሹ ነጭ ይጨርሳል። ለክሬም ቀለም የአፈር ብጫ ይዛችሁ ጀምሩ፣ ሙቀት ከፈለጋችሁ የአፈር ቀይ ጠብ አድርጉበት። ቀለሙ ከልክ በላይ ሲደምቅባችሁ ጥቁር አትጨምሩ፤ ጥቁር ብጫውን ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል፣ ቡኒ ይሻላል። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው መጠን ማለፍም ቀለሙ ደርቆ እንኳ እጅ ላይ እንዲለቅ ያደርገዋል።

እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ፣ ፕላስቲክ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል። ካርቶን ሁለት እጅ ቀብታችሁ በማግስቱ ግድግዳው ላይ አቁሙት፤ በቀንም በአምፖልም እዩት።

ለክፍሉ የሚበቃው ሁሉ፣ ከ10 በመቶ ትርፍ ጋር፣ በአንድ ትልቅ በርሜል ይቀላቀል። ሁለት ባልዲ ለየብቻ ከተበጠበጠ ልዩነቱ ማዕዘኑ ላይ ይታያል። ውሃውም በልኬት ነው፦ ላልተቀባ ልስን የመጀመሪያው እጅ እስከ 20 በመቶ፣ የመጨረሻው ከ5 እስከ 10። በዓይን ግምት ውሃ የሚጨምር ቀቢ ጥሩውን ቀለም ርካሹን ያደርገዋል።

የተረፈውን በኋላ የተበላሸ ቦታ ለመነካካት አስቀምጡ፤ አየር ካገኘ ይረጋልና እስከ አፉ በሚሞላ ትንሽ ጠርሙስ ይሁን።