ወንድሜ የታከመበት የማረሚያ ቤት ክሊኒክ

ታናሽ ወንድሜ ታስሮ ሳለ ቲቢ ያዘው። የታከመው እዚያው ማረሚያ ቤት ውስጥ ባለው ክሊኒክ ነው፤ አሁን ደህና ነው። የማረሚያ ቤቱን ስም አልጠራም። ዘመዱ የታሰረበት ሰው ሁሉ «ቢታመምስ?» እያለ ስለሚጨነቅ ግን ያየሁትን ልጻፍ። ለክሊኒኩ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ታማሚውን ክሊኒክ ለሚያደርሰው አሠራር ግን ከአንድ በላይ አልሰጥም።

ሐኪሙ እንዳየው አክታውን ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ላከለት። ማሽኑ በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤት ያወጣል፤ ጀርሙ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት ተላምዶ እንደሆነም ይለያል። ሕክምናው ስድስት ወር ነው፦ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። አምስት ሳንቲም አልከፈልንም።

ሲስተሯን እግዚአብሔር ይስጣት። ጠዋት ጠዋት ክኒኑን በእጁ ትሰጠውና እስኪውጥ አጠገቡ ትቆማለች። ከዚያ ካርዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሽንቱ ብርቱካንማ ሊሆን እንደሚችልም ቀድማ ነግራዋለች። ባትነግረው ደም መስሎት መድኃኒቱን ይተወው ነበር፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ። አብረውት የሚያድሩትንም አስጠርታ አስመርምራለች። ትከሻ ለትከሻ ለሚተኙ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ እሷ ጋ እስኪደረስ ነው። ታማሚው ለክፍሉ ተጠሪ ይናገራል፣ ተጠሪው ለፖሊስ፣ ፖሊሱ ካመነበት ይወጣል። ወንድሜ «ብርድ ነው፣ ይለቅሃል» እየተባለ ስንት ሳምንት ሲያስል ከረመ። በር ከተቆለፈ በኋላ የታመመማ እስኪነጋ መጠበቅ ነው።

ሪፈርም ያው ነው። ሐኪሙ ሆስፒታል ሄዶ ራጅ እንዲነሳ ጻፈለት። አንዴ መኪና የለም፣ አንዴ አጃቢ የለም ተብሎ ቀጠሮው አለፈ። በጣም ነው የተናደድኩት። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የማንዴላ ደንቦች፣ ቁጥር 27 ላይ፣ ሕክምናን የሚመለከት ውሳኔ የጤና ባለሙያ ብቻ ነው ይላሉ፤ ሌላው የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ሊሽረውም ችላ ሊለውም አይችልም። መኪና የለም እያሉ ማስቀረት ከመሻር በምን ይለያል? ፍርድ ቤት የፈረደበት እንዲታሰር ነው። ታሞ እንዲማቅቅ ማንም አልፈረደበትም።

ሰው የታሰረባችሁ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለበት የድሮ የሕክምና ወረቀቱን ኮፒ ለክሊኒኩ ስጡ። የራሱ ሐኪም እንዲጠይቀውም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ይፈቅዳል። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ስንቁን አታሳንሱበት። የሚፈታበት ቀን ሲቃረብም መሸኛ ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወንድሜ ሲፈታ መድኃኒቱን ገና አልጨረሰም ነበር። ሲስተሯ ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ ጽፋለት ስለነበር በማግስቱ እዚያ ቀጠለ።