ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! መኪናዬ አሁን በሁለቱም በኩል ትታጠፋለች

እኚህን መካኒክ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ ነኝ። ዓመት ሙሉ ያሰቃየችኝን የትራክ (የውድድር ሜዳ) መኪናዬን በሁለት ቀን አስተካክለውልኛል፣ ያውም አንድም አዲስ ዕቃ ሳይገጥሙ። እኔ የሄድኩት ጠንካራ ሞላ ያስገቡልኛል ብዬ ነበር።

ችግሯን ልንገራችሁ። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ምንም አትልም። ወደ ግራ ግን መሪውን ብጠመዝዝ ብጠመዝዝ አፍንጫዋ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይሄዳል። እኔም አዋቂ መስዬ የፊቱን ስታቢላይዘር (ኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳትጋደም የሚይዛትን ብረት) እስከ መጨረሻው አጠነከርኩት። ባሰባት! ለካ የፊቱ ሲጠነክር ጭነቱ ውጭ በኩል ባለው የፊት ጎማ ላይ ይበዛና ጎማው መሬት መያዝ ቶሎ ያቅተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቅር) ከፍታው የሚስተካከል ሾክ አብዞርበር ገጥሞልኝ፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ጣቱን ሰዶ ለክቶ፣ «አራቱም እኩል ነው» ብሎ ሸኝቶኛል።

ጋሼ ክሪክ እንኳ አላነሱም። «ሄልሜትህን አድርግና ግባ» አሉኝ። በቆመ መኪና ውስጥ ሄልሜት አጥልቄ ስቀመጥ የጋራዡ ልጆች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ግን ቀልድ አልነበረም። የሚነዳት ሰው ካልተቀመጠባት ሚዛኑ ውሸት ነው። ወለሉን በውሃ ልክ አስተካክለው፣ አራት ሚዛን ከአራቱ ጎማ ሥር አድርገው፣ ነዳጁን ግማሽ አድርሰው፣ የስታቢላይዘሮቹን ማያያዣ ፈትተው መዘኗት። የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ ጎማ ተደምረው ግማሹን መያዝ ሲገባቸው ከጠቅላላው ክብደት 53.4 በመቶ ይዘዋል። «አየህ ልጄ፣ ወንበር አንዱ እግሩ ሲረዝም በሰያፍ በሁለት እግሩ ነው የሚቆመው። ወደ ግራ እምቢ ያለችህ ለዚህ ነው።» የጣቱ ልኬት ይህን ሁሉ ደብቆ ኖሯል። የሞላዎቹን መቀመጫ ቀለበት እዚህ ግማሽ ዙር፣ እዚያ ሩብ ዙር እያዞሩ፣ በየመሀሉ መኪናዋን ተጭነው እያወዛወዙ፣ 50.2 ላይ አደረሷት። ስታቢላይዘሮቹን መልሰው ሲያስሩም እኔ እዚያው እንደተቀመጥኩ ነበር፣ ሳይወጠሩ እንዲገቡ። ወገቤን አመመኝ እንጂ ደስ ብሎኛል።

በማግስቱ ትራክ ላይ አብረውኝ ወጡ። የጎማውን ትከሻ በጠመኔ ቀቡልኝ። ጥቂት ዙር በደንብ ነድቼ ስመለስ፣ በሩን ሳልከፍት ጎማው ጋ ተንበርክከው መርፌ ያለውን ቴርሞሜትር ውስጥ፣ መሀልና ውጭ ወጋ ወጋ አደረጉት። ውጭው 97 ዲግሪ፣ ውስጡ 79። ጠመኔውም ከትከሻው አልፎ ጎኑ ድረስ ተጠርጓል። ጎማው በጠርዙ ብቻ ነበር የሚሠራው! የፊቱን ካምበር (ጎማው ከላይ የሚያዘነብልበትን ልክ፣ ነጌቲቭ ማለት ወደ ውስጥ ነው) ከነጌቲቭ 1.2 ወደ ነጌቲቭ 2.6 ዲግሪ አወረዱት። ካምበር ሲነካ ቶውም (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበት ልክ) አብሮ ስለሚዛነፍ እሱንም እንደገና ለኩ። (ቁጥሮቹ የእኔ መኪና ናቸው፣ እንዳትገለብጡ።)

ቸኩዬ «ስታቢላይዘሩንም አብረን እናላላው» ብላቸው ቆጣ አሉ። «ከዚያ የትኛው እንደረዳህ በምን ታውቃለህ?» እውነታቸውን ነው። አንድ ነገር ይቀየራል፣ ሦስት ዙር ይነዳል፣ ዳሽቦርዱ ላይ በለጠፉት የወረቀት ፕላስተር ላይ ይጻፋል። የጎማ ንፋስንም የሚያዩት ወዲያው እንደገባሁ በትኩሱ ነው። ማታ በብርዱ ለክቼ መኩራቴ ዋጋ አልነበረውም። ስታቢላይዘሩ በተራው ሲላላ ግን ልዩነቱን በመቀመጫዬ ነው ያወቅኩት። ያ ግራ ኩርባ ላይ መሪውን አዙሬ፣ እንደ ልማዴ አፍንጫዋ እስኪሸሽ ስጠብቅ፣ ዝም ብላ ገባች። ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

እንዳትሸወዱ፣ ጋሼ ስልክ ቶሎ አያነሱም። ቀጥረውኝ ያረፈድኩ ቀን ሰላምታዬን እንኳ በወጉ አልመለሱልኝም። መጋጠሚያው (ቡሽ ወይም ቴስቲና) የላላበት መኪና ይዛችሁ ከሄዳችሁም «መጀመሪያ ይሄን አስጠግንና ና» ብለው ይመልሷችኋል፣ ልክም ናቸው። ዕቃ ግዙ ብለው ግን አያስጨንቁም። ሞላዬን ነካ ነካ አድርገው «ምን አጠፋ?» ነው ያሉኝ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ ፈቃዳቸውን አልጠየቅኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ነዳጁን ግማሽ አድርጉት፣ ትራክ ላይ የምትነዱበትን ጎማ ግጠሙ፣ ሄልሜታችሁንም እንዳትረሱ።