ለሉሰርን ባቡር ጣቢያዋ ትኬት ሻጭ፦ እጅሽ ይባረክ!

ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን ባቡር ጣቢያ፣ ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ለምትሠራ አንዲት ሴት እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ተራራና ሐይቅ በባቡር ለማየት ለመጀመሪያ ጊዜ የምታስቡ ሁሉ ይህን አንብቡ።

የእናታችንን የጉዞ ጥቅል የገዛነው ከእሷ ሳይሆን ከሌላ ሻጭ ነበር። ባቡር የሚያስፈልገው 4 ቀን ብቻ ሆኖ ሳለ የ8 ቀን ስዊስ ትራቭል ፓስ፣ ማለትም በአገሪቱ ባቡርና ጀልባ የሚያስኬድ የቀናት ትኬት፣ ሸጡልን። ይህ ፓስ በተከታታይ ነው የሚቆጠረው፤ ሆቴል የተዋለበትም ቀን ይቃጠላል። በዚያ ላይ «ሁሉም ተካቷል» አሉ። አልተካተተም! ከዘርማት ሳንክት ሞሪትዝ 8 ሰዓት ገደማ በሚጓዘው ግላሲየር ኤክስፕረስ የተባለ ባቡር ላይ ፓሱ የሚሸፍነው የጉዞውን ዋጋ ነው። መቀመጫ ማስያዝ ግዴታ ነው፤ ክፍያውም ለብቻው። ይህን ሳይናገሩ የሰው ገንዘብ መቀበል ምን ይባላል? ስንደርስ ቦታው አልቋል። የእናታችን ጉዞ ነው እኮ!

የሉሰርኗ ትኬት ሻጭ ግን ሌላ ትኬት ልትሸጥልን አልሞከረችም። ወረቀት አውጥታ ከሉሰርን፣ ብሩኒግ በተባለው የተራራ መተላለፊያ በኩል፣ ኢንተርላከን ከተማ የሚወስደውን የባቡር መስመር በእርሳስ ሳለች። ጉዞው 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በየሰዓቱ ይነሳል፣ ፓሱ ይሸፍነዋል፣ መቀመጫ ማስያዝም ግዴታ አይደለም። «በቀኝ ተቀመጡ» ብላ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። መነሻው ላይ የሉሰርን ሐይቅ በግራ ያልፋል፤ የዛርነንና የሉንገርን ሐይቆች ግን በቀኝ ናቸው። ባቡሩ ጥርስ ያለውን ሐዲድ እየነከሰ 1,002 ሜትር ላይ ያለውን ብሩኒግ ይወጣና ወደ ማይሪንገን ይወርዳል። እዚያ ቆሞ በኋላው በኩል ይነሳል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ደንግጦ ወደ ሌላው ወገን ይዛወራል፣ የብሪየንዝ ሐይቅም ያመልጠዋል። አቅጣጫው ተገልብጦ ቀኙ ግራ ሆኗልና፣ ሐይቁ የሚመጣው በፊት በተቀመጣችሁበት በኩል ነው። ወረቀቱ ላይ ማይሪንገን አጠገብ የጻፈችው «እንዳትነሱ» የሚል ነበር።

እናታችን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ስታይ ከመስኮቱ ወጥታ፣ ደረጃ የሌለው በር የሚቆምበትን የፕላትፎርም ፊደል ክንዳቸውን ይዛ አሳየቻቸው። ይህን ማንም አላዘዛትም።

ሌላም ነግራናለች። ብሪየንዝ ወርዳችሁ ከጣቢያው ፊት ለፊት ጀልባ ብትይዙ እስከ ኢንተርላከን ኦስት (ምሥራቅ) ጣቢያ ፓሱ ይሠራል፤ በብርዱ ወራት ግን የጀልባውን ሰሌዳ ቀድማችሁ እዩ። ከኢንተርላከን ኦስት ወደ ላውተርብሩነን የሚሄደው ባቡር ጽቫይሉቺነን ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ፉርጎው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 3,454 ሜትር ላይ ላለው ዩንግፍራውዮኽ የተራራ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ፓሱ ሙሉውን አይሸፍንም፤ የቀረው ውድ ነው። ጠዋት የተራራውን ቀጥታ ካሜራ ሳታዩ አትግዙ፤ ደመና ከሆነ የሚታየው ነጭ ብቻ ነው። ጥቂት ቀን ብቻ የምትጓዙ ከሆነ ትኬት በግማሽ ዋጋ የሚያስገዛው ካርድ ሊያዋጣችሁ ይችላል፤ ትኬት መሸጫው ላይ ፓሱንና ካርዱን አስሉልን በሏቸው፣ እዚያው ያሰሉላችኋል።

እባካችሁ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ያ መስኮት ጋ ተሰለፉ። ወረፋው ቢረዝምም ተሰለፉ! ደግሞ እሷን ካገኛችኋት እናታችን «ያቺን ልጅ ሳሙልኝ» ብለዋል።