ኮምቦልቻ ቮልስ ለማሠራት የምትወስዱ፦ የሞተር ቁጥራችሁን ሳታስጽፉ ቁልፍ አትስጡ

ከፖሊስ ጣቢያ አሁን መግባቴ ነው። ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ቮልሴ የ1968 ሞዴል ናት፣ ሞተሯ ባለ 1500 ሲሲ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው የሀረጎ ዳገት ላይ ጭነት መኪኖች ውኃ ፈልቶባቸው ኮፈን ከፍተው ዳር ሲቆሙ፣ እሷ በሦስተኛ ማርሽ እያጉረመረመች ታልፋቸዋለች። የሚፈላ ውኃም ራዲያተርም የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ከዲናሞው ጋር የሚዞረው ማራገቢያ ነው። እሑድ እሑድ ልጆቼን ይዤ ከደሴ ሐይቅ ድረስ ስንሄድ መንገደኛው ሁሉ እጁን ያውለበልብልን ነበር። ይህን የማወራችሁ ምን እንደወሰዱብኝ ይግባችሁ ብዬ ነው።

ዘይት ታፈስ ነበር። ጋራዡን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፦ በሩ ላይ ሁለት ያማሩ ቮልሶች የቆሙበት፣ ባለቤቱ ደረቱን መትቶ «አብሽሩ ጋሼ፣ እኔ እኮ ቮልስ ሥር ነው ያደግሁት» የሚልበት። ሞተሩ ወርዶ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) በሙሉ ይቀየራል፣ የፒስተን ሪንግ ይገባል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይሠራል፤ 65,000 ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። ከዚያ ያው የተለመደው ነው። ዕቃ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው፣ ልጁ ታሟል፣ ቶርኖ ቤት ወረፋ ነው፣ ነገ ይደውሉ።

ዛሬ ጠዋት ተጠናቋል ተባልኩ። ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ተቀብቶ ጠበቀችኝ። አስነሳኋት፤ ድምፅዋ ደህና ነው። ቀሪውን ከፍዬ ወጣሁ።

ሀረጎ ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ እምቢ አለች። ሁለተኛ አስገባሁ። አዲስ ሪንግ ነው፣ እስኪላመድ ይሆናል አልኩ። ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ግን ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጬው እየተንቀረፈፈች ነው፤ ከኋላዬ የነበረ ቦቴ ክላክስ እያደረገ ቀደመኝ። ዳር ይዤ አቆምኩና የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ። ዲናሞው የእኔው ነው። የማራገቢያው ቆርቆሮም የእኔው ነው፤ ልጄ የለጠፈችው ስቲከር እንኳ አለ። ሞተሩ በሙሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ከዲናሞው መቆሚያ ሥር፣ የሞተር ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ላይ ብቻ ግሪስ ተለድፏል። እዚያች ጣት በምታህል ቦታ ላይ ብቻ!

በጨርቅ ጠረግሁት። የመጀመሪያዋ ፊደል ብቅ አለች፦ ዲ። ሊብሬዬ ላይ ያለው ኤች ነው። ቮልስ የያዘ ያውቀዋል፣ በዚያ ዘመን ኤች የ1500 ነው፣ ዲ የ1200። ባለ 44 የፈረስ ጉልበት ሞተር አስረክቤ ባለ 34 ተረክቤያለሁ፤ ያውም ከፍዬበት። ላዩ ላይ የሚታየውን ዕቃ ሁሉ ከእኔ ሞተር ነቅለው ወደዚህኛው አዛውረውታል።

እዚያው አዙሬ ተመለስኩ። ባለቤቱ ሻይ እየጠጣ ነው። ሊብሬውን ዘረጋሁለት፤ ዞር ብሎም አላየው። «ቮልስ ቮልስ ነው፣ ምን ልዩነት አለው? ስታመጣትም ይሄው ነበር» አለኝ። አንቱታውም ጠዋት ከገንዘቡ ጋር ቀርቷል። መረከቢያ ወረቀቱን አስመጣ፦ ታርጋ፣ ቀለም፣ ኪሎ ሜትር፣ ክሪክ አንድ። የሞተር ቁጥር የሚል መስመር ጭራሽ የለውም። ይሄኔ የልጄ እኩያ የሆነ አንዱ ከመኪና ሥር ሆኖ «በዚህ ዕድሜህ በቮልስ ልትሽቀዳደም ነው እንዴ?» አለና ሁሉም ሳቁ። ብሬን ቆጥረው በተቀበሉበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ሳቁብኝ። ገንዘቡ ይቅር፣ ያ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፣ ያንገበግበኛል።

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። እጁ የለመደ ሰው ጠዋት ጀምሮ ለምሳ ሳይደርስ አውርዶ ሌላ ይሰቅላል። ያን ሁሉ ጊዜ «ነገ ይደውሉ» ሲሉኝ የነበረው ለባለ 1500ው ገዥ እያፈላለጉ እንደነበር አልጠራጠርም።

ጣጣው ገና አላለቀም። ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይተያያል፤ ካልገጠመ ቦሎ የለም። በዚያ ላይ የተሰቀለልኝ ሞተር የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ነገ ተሰርቋል የሚል ሰው ቢመጣ የሚገኘው እኔ ጋ ነው። ፖሊስ ጋ የሮጥኩት ለዚህ ነው። ጉዳዩ ስለተመዘገበ የጋራዡን ስም እዚህ አልጽፍም።

ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት የሞተሩንም የሻንሲውንም ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ ሻንሲው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። መረከቢያው ላይ አስጽፉ፣ አስፈርሙ። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ጋራዥ ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ባለ ኤች 1500 ሞተር ልሽጥልህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባም ቢሆን ሊብሬዬን ይዤ እመጣለሁ።